በተርታ የቆሙት አባቶቼ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አባቴ ተሰልፈው አየኋቸው። አንድ ሰው ብቻውን እንዴት ይሰለፋል አትበሉኝ። ከጨቅላነታቸው ጀምሮ እስከ ዛሬ ያሉት አባቴ ሁሉ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ትከሻ ይዞ፣ አስፋልት ዳር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጀርባዬ ላይ የወንበር ክምር ተሸክሜ ነበር።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ የአንድ ሆስፒታል የልብ መመርመሪያ ነው። መሣሪያው የልብ ምቱን ወደ ቁጥር ይለውጥና በተርታ ይደረድረዋል። ያንን ተርታ ተቀብላ ለብሮውዘሩ፣ ኢንተርኔት ለምንከፍትበት ፕሮግራም፣ የምታቀብል፣ እዚያው ላይ የምትሰካ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ተሰኪ እንላታለን። የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ብሮውዘሩን ከፍቶ የበሽተኛውን ልብ እዚያ ላይ ማየት ነበረበት። ነገር ግን ተርታው ከእኔዋ ተሰኪ ወደ ብሮውዘሩ ባለፈ ቁጥር ብሮውዘሩ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ስከፍተው ይዘጋል፤ ስከፍተው ይዘጋል። አባቴ አቶ መንገሻም ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ዘንድሮ ልባቸው እያስቸገራቸው ስለሆነ በዚያው መሣሪያ እንዲታዩ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል።

ትናንት ከቢሮ ስንወጣ የሥራ ባልደረባዬ ፈትያ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ።

«ይርዳው፣ ችግሩ ቁጥሮቹ አይደሉም፤ ወንበሩ ነው» አለችኝ።

«የምን ወንበር?»

«ቁጥሮቹ የሚቀመጡበት ሜሞሪ ነዋ። አንተ ከገዛ ቤትህ ወንበር ተሸክመህ ትሄድና እንግዶችህን በሰው ቤት ታስቀምጣለህ። ብሮውዘሩ ደግሞ ሲጨርስ ወንበር መሰብሰብ ልማዱ ነው። ያልሰጠውን ወንበር ልሰብስብ ሲል ነው የሚፈርሰው። የእድር ወንበር አታውቅም? የሰጠው እድር ነው የሚሰበስበው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ገና ስትሰካ መጥሪያ ሰጥቶሃል እኮ። ቦታ ስትፈልግ ጥራው፤ እሱ ከራሱ ይስጥህ፤ ቁጥሮችህን እዚያ ላይ አስቀምጥና እጅህን አንሳ። በቃ።»

ነገሩ ገባኝ፤ ግን ደክሞኝ ነበርና ለነገ አልኩ። ቤቴ ገብቼ እራቴን በላሁና ተኛሁ።

ከዚያ ነው እንግዲህ ወንበሬን ተሸክሜ አስፋልት ዳር የቆምኩት። ፀሐዩ ከመሬት ወደ ላይ ይመታል፤ የሁላችንም ጥላ ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሏል። ፊት ለፊታችን አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ንቅንቅ አይልም። በዚያ አገር ታክሲ አይሄድም፤ ሰፈሩ ነው የሚመጣው። ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ይጣራል።

«ሳሪስ! ሳሪስ፣ ነይ እንጂ! ሰው ሞልቷል!»

ሳሪስ ከነሱቆቿ፣ ከነአቧራዋ፣ እየተንጠራራች መጣች። ወራጆቹ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ ሳይሉ የየቤታቸው በር መጥቶ ከተሳፋሪው ጉልበት ጋር ተላተመ። ሳሪስ አራግፋ ሄደች።

«የልብ ማሳያው ያለበት ትልቁ ቤት መቼ ነው የሚመጣው?» አልኩት ረዳቱን።

«ትልቁ ቤት ኩሩ ነው፤ ሲለመን ነው የሚመጣ። ስንት ናችሁ?»

«እኔና አባቴ።»

ረዳቱ ተርታውን ከዳር እስከ ዳር አየና ራሱን ነቀነቀ። «እኔና አባቴ» አለ ለሹፌሩ። «ትልቁን ቤት እንጥራለት፤ አባትየው ረጅም ናቸው።»

እስኪመጣ ድረስ አባቶቼን ልቆጥር ከፊት ጀመርኩ። መጀመሪያ የቆሙት ጨቅላው ናቸው፤ በሁለት እግራቸው ቆመዋል፤ ድዳቸው ይታያል።

«እርስዎ ነዎት አንደኛው?» አልኳቸው።

«አይደለሁም። እኔ ዜሮ ነኝ። አንደኛው ከኋላዬ ያለው ነው።» ኮምፒውተርም ሲቆጥር ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

አባቴን ዕድሜ ልኬን «እርስዎ» ስል ነው የኖርኩት። ለጨቅላ ልጅ «እርስዎ» ስል ግን አፌን ያዘኝ። አሰብኩና አንድ ሥርዓት አወጣሁ፤ ከእኔ የሚያንሱትን «አንተ»፣ ከእኔ የሚበልጡትን «እርስዎ» ልል ወሰንኩ። ሥርዓቱ እስከ መካከል ድረስ ሠራ። ፀጉሩን ያጎፈረው፣ ሱሪው ከታች የሰፋው ጎረምሳ አባቴ ዘንድ ስደርስ «አንተ፣ ዝም ብለህ ቁም» አልኩት።

«መቆም አልችልም» አለኝ እየተቁነጠነጠ። «ቀጠሮ አለኝ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእናትህ ጋር። እኔ ካረፈድኩ አንተም የለህም።»

ከዚያ በኋላ በሕልሙ ውስጥ እግሬ አርፎ አልቆመም።

ከእሱ ጥቂት እልፍ ብሎ ደግሞ ልክ የእኔ እኩያ የሆነው አባቴ ቆሟል። አባቴ በእኔ ዕድሜ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ እሱም የደንብ ልብሱን ለብሶ ኮፍያውን ብብቱ ሥር ይዟል። አንሶም በልጦም ስላልታየኝ «አንተ» ልበለው «እርስዎ» ጠፋኝ። አየኝ፤ አየሁት። አንድ ነገር ሊለኝ የፈለገ መሰለኝ። ምን ብዬ እንደምጠራው ስላላወቅኩ ሳልጠራው አለፍኩት።

በመጨረሻ የዛሬው አባቴ አሉ፤ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው። «ልጄ፣ እንቸኩል እንጂ» አሉኝ።

ትልቁ ቤት መጣ። ግድግዳው ሁሉ መስኮት ነው፤ በሩ ግን አንድ ነው። በሩ ላይ ዘበኛው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል፤ ሰው የሚፈትሹት ቦርሳዎች ናቸው። አንዲት ጥቁር የሴት ቦርሳ ዚፗን ከፍታ ኪሴን በረበረች።

«ስለት አለህ?»

«የለኝም።»

«ምላስስ?»

«ምላስ አለኝ።»

«አፍህን ዝጋና እለፍ» አለችኝ።

ዘበኛው ብድግ ብሎ አንድ ትንሽ ቃጭል እጄ ላይ አስቀመጠ። «ቦታ ሲያስፈልግህ ይህን ምታ» አለኝ።

«አያስፈልገኝም፤ ወንበር ይዣለሁ።»

«የማን ወንበር?»

«የራሴ።»

«ወንድሜ፣ እዚህ ቤት እንግዳ ወንበር ይዞ አይገባም።»

«ስንት መንገድ ተሸክሜው የመጣሁት እኮ ነው!»

«የተሸከምከው አንተ ነህ። የሚያጥፈው ግን ሌላ ነው» አለና ተመልሶ ተኛ። ምን ማለቱ እንደሆነ ልጠይቀው ስል ከውስጥ ጩኸት ተነሣ።

«ባለጉዳይ መጣ! ባለጉዳይ መጣ!»

አዳራሹ በጸሐፊዎችና በመዝገብ ቤት ሠራተኞች ተሞልቷል። ሁሉም ከረባት አስረው፣ ፋይል ታቅፈው፣ ተሰልፈው ባለጉዳይ ይጠብቃሉ። እኔን ሲያዩ ተጋፉ። ክንዴን ይዘው ከመስታወቱ ኋላ አስገቡኝና ባለጎማው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። አባቶቼ በተርታ ከጀርባዬ ቆሙ። የመጀመሪያው ሠራተኛ በመስታወቱ ቀዳዳ አጎንብሶ አየኝ።

«ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምኩት። እባክዎ ጉዳይ ይኑርዎት።»

አባቴን ላስቀምጥ ነው የመጣሁት፣ የልብ ማሳያው አዳራሽ በየት በኩል ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ግን ሌላ ነው። «ሲስተም የለም» አልኩት።

«ትናንትም እንዲህ ነው ያሉን!»

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ ከኋላዬ ጨቅላው አባቴ።

ሰውየው እንባው መጣ። «ጌታዬ፣ ልጆቼ አባታችን ባለጉዳይ አስተናግዶ አያውቅም እያሉ ያፍሩብኛል። ማኅተሜ ደርቋል። እባክዎ ቢያንስ አንዴ ይምቱልኝ።» ማኅተሙን በቀዳዳው አሾለከልኝና ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። አዘንኩለት። ግንባሩ ላይ መታሁለት። «ተፈጸመልኝ! ጉዳዬ ተፈጸመልኝ!» እያለ እየዘለለ ወጣ። ያን ጊዜ የቀሩት በሙሉ ግንባራቸውን ይዘው ወደ መስታወቱ ተመሙ። መስታወቱ ወደ እኔ መጉበጥ ጀመረ።

«ኧረ ፍጠን፣ ልጄ!» አለኝ ጎረምሳው አባቴ። «እሷ መጠበቅ አትወድም!»

ወንበሬን አንሥቼ፣ አባቶቼን እየጎተትኩ በጠረጴዛው ሥር ሾለክሁ። በጠረጴዛው ሥር ኮሪደር ነበር፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የልብ ማሳያው አዳራሽ ነበር።

አዳራሹ ባዶ ነው። አንድ ትልቅ መስኮት ብቻ አለው። ከመስኮቱ ማዶ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል፤ በዚያ አገር ሐኪም የሚያየው በማጅራቱ ነው። ወንበሬን አውርጄ ደረደርኩና አባቶቼን በየተራቸው አስቀመጥኩ። ጨቅላውን አቅፌ አስቀመጥኩት። ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። መስኮቱ ላይ አረንጓዴ መስመር መውጣትና መውረድ ጀመረ። የአባቴ ልብ ነበር። ሐኪሙ ማጅራቱን ነቀነቀ። ደስ አለኝ፤ ልወጣ ፊቴን አዞርኩ።

በዚህ ጊዜ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሰዎች ገቡ። አጣፊዎች ናቸው።

«የታየ ይታጠፋል» አለ አለቃቸው። ከዜሮ ጀምሮ ወንበሮቹን ገልበጥ እያደረገ አየ። «ይህን ማን ነው የሰጠው?»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አልኩ። «እኔው አጥፈዋለሁ፣ ተዉት።»

«ቤታችን ውስጥ ያለውን የምናጥፈው እኛ ነን።»

«ወንበሩ የእናንተ አይደለም እኮ!»

«ታዲያ ለምን ቤታችን አስገባኸው?»

አለቃው ከመካከል አንዱን ወንበር፣ የሹፌሩን ወንበር፣ በሁለት እጁ ያዘና ጫነው። ወንበሩ አልታጠፍም አለ። ሁለተኛ ሰው ተጨመረ። ሦስተኛ ተጨመረ። ወንበሩ እንቢ ሲል ወለሉ ታጠፈ። ከወለሉ ጋር ግድግዳው ታጠፈ። መስኮቶቹ ከዳር ጀምሮ ጥርቅም፣ ጥርቅም፣ ጥርቅም እያሉ ተዘጉ። ሐኪሙ ከነወንበሩ እንደ ወረቀት ተጣጠፈ። የመጨረሻው መስኮት ሲዘጋ አስፋልት ዳር ቆመን ተገኘን።

ትልቁ ቤት ፊት ለፊታችን ቆሟል፤ አዲስ ነው፤ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ዘበኛው ተኝቷል። ጥቁሯ ቦርሳ አየችኝና «ስለት አለህ?» አለችኝ፤ ጨርሶ አላስታወሰችኝም። ወንበሬ ጀርባዬ ላይ ተመልሷል።

ዞሬ አባቶቼን አየሁ። «ዜሮ!» ብዬ ተጣራሁ። «አለሁ!» አለ። ጎረምሳውም አለ፤ እግሩን ያወዛውዛል። እኩያዬ ግን የለም። የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። ከኋላው የነበረው የተዘረጋ እጁን አየር ላይ እንዳንሳፈፈ ቀርቷል።

«ሹፌሩ የት ሄደ?» አልኩ።

የዛሬው አባቴ ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። «እሱ ከሌለ እኔ እዚህ እንዴት እደርሳለሁ፣ ልጄ?» አሉኝ። ሳያቸው ካፖርታቸው ሳስቷል፤ በካፖርታቸው ውስጥ ማዶ ያለው ሱቅ ይታያል። የሱቁን ስም ማንበብ ቻልኩ።

እኩያዬን በሚኒባሱ ሥር ፈለግሁት። በቦይ ውስጥ ፈለግሁት። ልጠራው ፈለግሁ፤ ግን አሁንም ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። «አባባ!» ስል ሁሉም በአንድ ድምፅ «አቤት» አሉ። እንደዚያ ጭንቅ ይዞኝ አያውቅም።

በዚህ መካከል ረዳቱ መገናኛን ጠራና መገናኛ መጣች። ፈትያ ከመገናኛ ጋር አብራ መጣች። በእጆቿ ነው የምትሄደው፤ ሻሿ ግን ከራሷ አልተነቃነቀም።

«ይርዳው፣ አሁንም ወንበር ተሸክመሃል?»

«አባቴ ጠፉብኝ፣ ፈትያ። ከመካከል ጠፉብኝ።»

«ወንበሩን ጣለው!»

«የት ላስቀምጣቸው ታዲያ?»

«ጣለው አልኩህ! ጣለውና ጥራ!» አለችኝ። መገናኛ ይዛት ሄደች።

ወንበሩን ጣልኩት። ወንበሮቹ መሬት ሲነኩ በአራት እግራቸው ሽምጥ እየጋለቡ ወደ ሳሪስ አቅጣጫ ጠፉ። ባዶ እጄን ወደ በሩ ቀረብኩ። ቦርሳዋ ፈተሸችኝ፤ ዘበኛው ቃጭሉን ሰጠኝ። በዚህኛው ጊዜ ሌላ ቃል አልተናገርኩም። አባቶቼን አስከትዬ የሠራተኞቹን ሰልፍ ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት። የልብ ማሳያው አዳራሽ እንደገባሁ ቃጭሉን መታሁ።

ከግድግዳው ውስጥ ቁልፍ እያንቃጨሉ እትዬ ብርቄ ብቅ አሉ። እትዬ ብርቄን ሰፈራችን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የእድራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው። በሕልሜ የትልቁ ቤት ዕቃ ጠባቂ ሆነዋል።

«ማነው የጠራኝ? ሠርግ ነው ሐዘን?»

«ልብ ነው፣ እትዬ ብርቄ።»

«ስንት ወንበር?»

«ለአንድ አባት የሚበቃ።»

«ልክህን ንገረኝ። ካሳነስከው የኋለኛው መሬት ላይ ይቀራል። ካበዛኸው ባዶው ላይ ማን እንደሚቀመጥበት እኔ አላውቅልህም።»

ከጠፋው ጋር ቆጥሬ ነገርኳቸው። እትዬ ብርቄ ቁልፋቸውን አንዴ ሲያዞሩ ወንበሮቹ ከመሬት በቀሉ፤ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ በመካከላቸው ክፍተት የለም። አባቶቼ ተቀመጡ። የሹፌሩ ቦታ ግን ባዶውን ቀረ።

«ያኛውስ?» አሉኝ።

«ይመጣል። ትንሽ ይጠብቁልን።»

«ቤቱ አይጠብቅም። ባዶ ወንበር ደግሞ ባዶ አይደለም፣ ይርዳው። ቀድሞ ተቀምጦበት የነበረው ሰው ነገር እላዩ ላይ ይቀራል። እንዲሁ ከተውከው በአባትህ መካከል የማያውቁት ሰው ልብ ነው የሚነበበው። ሐኪሙም ያንን አይቶ ነው መድኃኒት የሚያዝዘው።»

መስኮቱ መብራት ጀመረ። ከማዶ ሐኪሙ ማጅራቱን አስተካከለ። የዛሬው አባቴ ካፖርት ሳስቶ ሳስቶ አሁን ቁልፎቹ ብቻ ቀርተዋል። የማደርገው ጠፍቶኝ ሄጄ ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንተ አቀባይ ነህ!» ብለው ጮኹ እትዬ ብርቄ። «አቀባይ አይቀመጥም! አስቀምጦ እጁን ያነሣል!»

«ዕድሜያችን እኩል ነው፣ እትዬ ብርቄ።»

«ዕድሜ ምስክር አይሆንም!»

የዛሬው አባቴ ከተርታው ጫፍ ባርኔጣቸውን አነሡ። «ይቀመጥ» አሉ። «ከእሱ ሌላ የሚመስለኝ የለም።»

እትዬ ብርቄ ከንፈራቸውን መጠጡና ቁልፋቸውን ሰበሰቡ። ወንበሩ የሞቀ ነበር። ወዲያው ጃኬቴ የደንብ ልብስ ሆነ፤ ብብቴ ሥር ኮፍያ ተገኘ። እጆቼ ትልቅ መሪ ጨብጠዋል። ከኋላዬ ሰው የሞላበት አውቶቡስ አለ። አስፋልቱ በዝናብ ርሷል። ደረቴ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ይደልቃል፤ የኔ ድንጋጤ አልነበረም። ሰውየው፣ እኩያዬ፣ ቤቱ የታመመ ልጅ ትቶ ነው የወጣው። ልጁን ትኩሳት ይዞታል፤ ጠዋት ሲወጣ ዓይኑን አልገለጠለትም። ሰውየው አቁሞ መውረድ ይፈልጋል። ፌርማታ በደረሰ ቁጥር አሁን ልውረድ ይላል፤ ግን አንድ አሮጊት ዘንቢል ይዘው ይገባሉ፣ ተማሪዎች ይገባሉ፤ በሩን ይዘጋና ይቀጥላል። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ መውረድ አይቻልም። የልጁን ስም በየፌርማታው ይጠራል። ስሙ የኔ ስም ነው።

አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

መስኮቱ ላይ መስመሩ መጣ። ከዜሮ ተነሥቶ እየወጣ፣ እየወረደ ወደ እኔ ቀረበ። ጎረምሳውን አልፎ መጣ። እኔ ላይ ሲደርስ ልቤ ምን ብሎ እንደሚመታ አላውቅም ነበር፤ መታ። መስመሩ ሳይቆረጥ አለፈኝ። ከኋላዬ ያለው አባቴ ትከሻዬን ጨበጠኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያሉትም ጨበጡ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ደረሰ። ዞር ብዬ ሳይ የዛሬው አባቴ ካፖርት ጥቅጥቅ ብሏል፤ ማዶ አያሳይም።

አጣፊዎቹ ገቡ። «የታየ ይታጠፋል» አለ አለቃቸው። ወንበሩን ገልበጥ አድርጎ አየ። «የእኛ ነው» አለ፤ ፊቱ ፈካ።

እትዬ ብርቄ ጨቅላውን አንሥተው አዘሉት፤ የመጀመሪያው ወንበር እጥፍ አለ፤ ምንም አልተሰነጠቀም። ተራ በተራ እየተነሡ ሄዱ። ጎረምሳው «አልረፈደም! አልረፈደም!» እያለ በመስኮቱ ዘሎ ወጣ። ወንበሮቹ እጥፍ፣ እጥፍ እያሉ ወደ እኔ መጡ። እኔ ግን ፌርማታው አልደረስኩም። ገና ድልድይ ላይ ነኝ። ልጁ ዓይኑን ይግለጥ አይግለጥ አላየሁም።

«ተነሥ» አለኝ አለቃው።

«ትንሽ ቀርቶኛል፤ ቤት ልድረስ!»

«የሰጠነው እኛ ነን፤ ተነሥ!»

«ልጁን ልየው!»

«ተነሥ!» መሪውን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩት። እግሬን ያዘኝ። «ተነሥ እንጂ፣ ይርዳው! ተነሥ!»

ዓይኔን ስገልጥ አባቴ አልጋዬ ግርጌ ቆመው እግሬን እየነቀነቁ ነበር። ነግቷል፤ የቀጠሯቸው ቀን ነው። ተላጭተዋል፤ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆልፈዋል። የሆስፒታል ካርዳቸው ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሏል።

«ስልክህ ጮኸ ጮኸና ደከመው» አሉኝ።

ፈትያ ነበረች። ገና ድምፅዋን ስሰማ ጀመርኳት።

«ፈትያ፣ ገብቶኛል! ዛሬ ጠዋት አስተካክለዋለሁ፤ ወንበሩን ከራሱ ነው የምጠይቀው፣ ከዚያ...»

«ይርዳው፣ ተኝተሃል እንዴ? ስማኝ። ብሮውዘሩ ሌሊቱን ራሱን አድሷል። ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ ላይ።»

«እሺ፣ ይታደስ።»

«አዲሱ ተሰኪ የሚባል ነገር አይቀበልም። የእኛን ብቻ አይምሰልህ፤ የማንንም አይቀበልም። ከእንግዲህ የሚሰካበት ነገር የለም።»

«ምን ዓይነት ስህተት ነው የሚያሳየው?»

«ምንም ስህተት የለም። በሰላም ይከፈታል፤ አይዘጋም። ገጹ ነጭ ነው በቃ። ለዛሬ ቀጠሮ የነበራቸውን በሙሉ ከበር እየመለሷቸው ነው፤ መቼ ተመለሱ እንደሚሏቸው እነሱም አያውቁም።»

ስልኩን ዘጋሁት። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቄ ጠፋ። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ፊቴን ያዩ ነበር።

«ከቢሮ ናት? ምን አለችህ?»

«ምንም... ስህተት የለም አለችኝ።»

«ተመስገን» አሉና ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ።